የረቡዕ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ

ረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ እሱ ሆዬ ከሥራ ከገባ ጀምሮ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጎኑ ሲገላበጥ ነው የነጋለት። መጋረጃው ከመስኮቱ አንድ ስንዝር ስለሚያጥር ብርሃኑ በሥር እየሾለከ እግሩ ላይ ይወጣል፣ ብርድ ልብሱን ወደ ታች ሲስብ ትከሻው ይበርደዋል፣ ወደ ላይ ሲስብ እግሩ፣ ይሄን ብርድ ልብስ የሠራው ሰው ለማን ቁመት ብሎ ነው የሠራው እያለ ከማያውቀው ሰው ጋር በሆዱ ይጣላል። ዓይኑን ጨፍኗል፤ መጨፈን መተኛት ከሆነ ተኝቷል። ከላይ ያለው ጎረቤቱ፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው፣ በአረማመዱ ብቻ «ተረከዝ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ማብሰያ፣ ከማብሰያ ወደ መኝታ ክፍል ይመላለሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ አናቱ ላይ የኖረን ሰው ነገ መንገድ ላይ ቢያገኘው አያውቀውም፤ ይሄም ኑሮ ተብሎ። ተኛ እንግዲህ፣ ይላል ለራሱ፣ ስምንት ሰዓት ሥራ ትገባለህ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንኳ ተኛ። ነገሩ ግን ያው እሱ ስልክ ነው። አንስቶ እውነቱን ከተናገረ አንዲት መምህርት ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፣ እሱ ደግሞ እዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ካላነሳው ምንም አይመጣም። ማንም አይቆጣውም፣ ማንም አይከሰውም፣ «ኔትወርኩ አስቸገረኝ» ብሎ ማለፍ ነው። ይሄ ምንም አለመምጣቱ ነው እንቅልፍ የነሳው።

ወሬውን ያመጣችው እህቱ ናት። እትዬ እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ ስትደውልም ከሰላምታው በፊት «በላህ?» ነው የምትለው፣ እሱም ቢበላም ባይበላም «በላሁ» ይላል፣ «ምን?» ትላለች፣ «ያው ምግብ ነዋ» ይላል፣ «ምግብ መሆኑንማ አላጣሁትም» ትላለች፣ እንዲህ እየተባባሉ አሥር ደቂቃ ያልፋል። ባለፈው እሁድ ግን አልጠየቀችውም። «ስማ፣ መምህርቷ ስልክህን ፈልጋ ቤቴ መጥታ ነበር» አለችው። «የቷ መምህርት?» አለ። አይ ውሸታም! የቷ እንደሆነች ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? እትዬም ዝም አለች፣ እትዬ ዝም ስትል ስልኩ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዋ ይሰማል፣ እያወራች ትሰፋለችና፣ መኪናውም ቆመ። «እኔ ላይ አትቀልድ» አለችው። «እኔ የወለድኩህ ያህል ነኝ። የቷ እንደሆነች ታውቃለህ፤ አምስት ዓመት ሙሉ እሷ በምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ የማልፈው ባንተ ምክንያት ነው።» ይሄን አያውቅም ነበር። እህቱ በእሱ ምክንያት ፊቷን አዙራ እንደምታልፍ ማንም ነግሮት አያውቅም።

ርዕሰ መምህር ነበር። አሁን ይሄን ቃል ሲያስበው የሌላ ሰው ኮት ይመስለዋል፣ ግን ነበር፤ ባለ አሥራ አራት ክፍል ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ልጅ የቤተ ክርስቲያን ግማሹ የመስጊድ፣ አጥሩ ከመንገድ ዳር፣ የውሃ ቧንቧው ከባንዲራው ሥር። ጠቡም የተነሳው ቧንቧው ጋ ነው። አንዱ ልጅ ሌላውን በሃይማኖቱ ሰደበው፣ ስድቡን እንኳ አያውቀውም፣ ከትልልቆች የሰማውን ነው የደገመው፤ ሌላው ድንጋይ አነሳ፣ ሦስተኛው ጥርሱን አጣ። ሁለቱን ቢሮው አስገብቶ «ስለ እሱ ሃይማኖት ምን ታውቃለህ?» ብሎ አንዱን ቢጠይቀው፣ ልጁ ተቁለጨለጨ፣ «ይጠሉናል» አለ። ያንኛውንም ጠየቀው። «ይጠሉናል» አለ እሱም። ጎን ለጎን ተወልደው፣ ከአንድ ቧንቧ ጠጥተው፣ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ይቺን አንዲት ቃል ብቻ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ማልቀሱን ለማንም አልተናገረም፣ ሰው ፊት የማያለቅስ ርዕሰ መምህር ነበርና። ትምህርት ቤት ውስጥ ሃይማኖት መስበክ ክልክል ነው፣ ይሄን ያውቃል፣ ትክክል ነውም ይላል። ግን መስበክና ማሳወቅ አንድ ነው እንዴ? ስለ ጨረቃ እናስተምራቸዋለን፣ ስለ ጎረቤታቸው ጸሎት ግን ትንፍሽ አንልም፤ ከዚያ ድንጋዩ ከየት መጣ ብለን እንገረማለን።

ሐሳቡ የእሱ ነው። ይሄ መታወቅ አለበት፣ ቢያንስ እዚህ አልጋ ላይ መታወቅ አለበት። የሰባተኛ ክፍል የሥነ ዜጋ አስተማሪዋን ጠራት፣ ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ጠመኔዋን በመሐረብ ጠቅልላ የምትይዝ፣ ልጆቹ ሲያዩዋት በራሳቸው ጊዜ ዝም የሚሉላት። ረቡዕ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜን ስጪኝ፣ አላት። ደንቡንም ነገራት፤ በዚያ ሰዓት ማንም ስለ ራሱ ሃይማኖት አይናገርም። የሌላውን ነው የሚናገረው። ሳምንቱን ሙሉ ጓደኛው ቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ረቡዕ ቆሞ ይናገራል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያርመዋል። ቄሱንም ሼሁንም ለየብቻ አማከረ። ቄሱ «የተሳሳተ እንዳይናገሩብን» አሉ፤ ሼሁ «ሲሳሳቱስ ማን ያርማል?» አሉ፤ «የእርስዎው ልጆች» አላቸው፣ ሳቁና «እንግዲያው ይሁን» አሉት። መምህርቷ ብቻ ናት ያንገራገረችው። «ጋሼ፣ በጽሑፍ ቢሰጡኝ» አለችው፣ በትሕትና፣ መሐረቧን እያጠፈች። «አንቺ ደግሞ!» አላት እየሳቀ። «የኔ ቃል አይበቃሽም?» በዚያ ትምህርት ቤት ሁሉም ነገር በቃል ነበር የሚታዘዘው፤ ፈቃድ በቃል፣ ዝውውር በቃል፣ ወረቀት የሚወጣው ሰው ሲከሰስ ብቻ ነው። በቃኝ አለችው። አሁን ተገላብጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ የኔ ቃል አይበቃሽም፣ የኔ ቃል አይበቃሽም፣ ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው እሱ?

ደግሞ ያምር ነበር፣ ያ ነገር። በመስኮት ቆሞ ሰርቆ ያይ ነበር። የአናጢው ልጅ፣ ነገረኛ ሴት ልጅ፣ ቆማ ስለ ጎረቤቷ ጾም ስትናገር፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከጎኗ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ይላል፣ «ታዲያ እንዴት ነው?» ትለዋለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ሆድ ብቻ አይደለም የሚጾመው፣ ምላስም ነው» ይላታል፣ «እንግዲያው አንተ መች ጾመህ ታውቃለህ!» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መምህርቷም ትስቃለች፣ ከዚያ ጠመኔዋን ታነሳና «ምላስም» ብላ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ቧንቧው ጋ የሚነሳው ጠብ በሁለት ወር ውስጥ ጠፋ ማለት ውሸት ነው፣ አልጠፋም፤ ግን ጠቡ ስለ ኳስና ስለ ወረፋ ሆነ፣ የልጅ ጠብ ሆነ። እሱ ለዚህ ነበር የደከመው፣ ልጆቹ እንደ ልጅ እንዲጣሉ።

ያበላሸው ትጋት ነው። ሌላ ቦታ ልጅ ስላልተማረ ይበላሻል፣ እነሱ ጋ ስለተማረ ተበላሸ። ያቺ የአናጢው ልጅ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፊት ላለማፈር ብላ የእነሱን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ያዘች፣ ማንም በቃልሽ ያዢ አላላትም፣ እልኸኛ ናት፤ ማታ ገበታ ቀርቦ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ እሷ በደስታ ጸሎቱን ታነበንበዋለች። እናቷ እሪ አለች። በማግስቱ በአንደኛው ሰፈር «ልጆቻችንን ሊወስዱብን ነው» ተባለ፣ በሌላኛው ሰፈር «ጸሎታችንን መቀለጃ አደረጉት» ተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ አብሮ ጮኸ። ሁለቱ ወገኖች በዚያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት የረቡዑን ትምህርት ለማውገዝ ነው፤ እስኪ ይሄን ምን ትለዋለህ! ቢስቅ ይሻለው ነበር፣ ይሄው አምስት ዓመት አልሳቀበትም።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ አይደለም፣ አዳራሹ ውስጥ። ሙቀቱ፣ የሰዉ ትንፋሽ፣ ከኋላ የሚያለቅስ ሕፃን። አናጢው ይነሳል፣ እጁ እንደ መዶሻ ከባድ ነው፣ «ይሄን ትምህርት ማን ፈቀደ?» ይላል። «ስሙን ንገሩን! ማን ፈቀደ?» እሱ ይነሳል። ለመናገር ነው የተነሳው፣ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ይላል አሁንም፣ «እኔ» ብሎ ሊናገር ነበር የተነሳው፣ ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር። ከበሩ አጠገብ የቆሙ ጎረምሶች አሉ፣ የማያውቃቸው፣ አንደኛው ያየዋል። ምላሱ ዞረ። «ትምህርት ቤቱ አያውቅም» አለ። «መምህርቷ በራሷ ጊዜ ያደረገችው ነው።» ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የክፍል መዝገቧን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ ፈተና ላይ ሲሳሳት መምህር እንደሚያየው ነው ያየችው። አፏን አልከፈተችም፤ ያማከራቸው ቄስና ሼህም አንገታቸውን ደፉ። ቢያንስ «ጋሼ ናቸው ያዘዙኝ» ብትል ምን ነበረበት? ብትል ይጠላት ነበር፣ ቢጠላት ይተኛ ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣለት፣ «ትምህርቱ ያለ ርዕሰ መምህሩ ዕውቅና መሰጠቱን አረጋግጣለሁ» የሚል፣ ፈረመ። ፊርማው እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ ጥሩ ፊርማ ነው፣ ሁለት ክብ ያለው። እሷ ታገደች። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ እዚያ ቢሮ መቀመጥ አልቻለም፣ ጎረምሶቹም ውሸቱን አላመኑትም መሰለኝ፣ ማታ ማታ በሩን ይደበድቡት ጀመር፤ በዓመቱ የውሃ ሽታ ሆነ።

እዚህ አገር ገብቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ደግሞ የስደተኞች ቢሮው ታሪክህን ንገረን አለው። ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ የውሃ ብርጭቆ፣ አንዲት መዝጋቢ ሴትዮ፣ አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። ሴትዮዋ ትጠይቃለች፣ ድምፁ ይተረጉማል፣ እሱ ይመልሳል። ስለ ቧንቧው ተናገረ፣ ስለ ረቡዕ ተናገረ፣ ሴትዮዋ መጻፏን አቁማ አየችው፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ አገር አንድ ሰው ሰው ብሎ አየው። «በስብሰባው ላይስ ምን አሉ?» አለ ድምፁ። «ቆሜ፣ እኔ ነኝ አልኩ» አለ። እንዲህ ወጣ። አላቀደውም። የወጣው ግን ያ ጥርሱ ጋ ደርሶ የነበረው ቃል ነው፣ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ዘግይቶ፤ ሲወጣም እንዴት ጣፈጠው! ሴትዮዋ ጻፈችው፣ አሁን ፋይሉ ውስጥ ጀግና ነው። እዚያ አገር ባለው ፋይል አላውቅም ብሏል፣ እዚህ አገር ባለው ፋይል እኔ ነኝ ብሏል፤ ሁለቱም ላይ ያው ባለ ሁለት ክብ ፊርማ። ባለፈው ወር ከዚያው ቢሮ ደብዳቤ መጣለት፤ ለቋሚ ፈቃድ ጥያቄዎ ስለ ስብሰባው የሚያስረዳ ሰነድ ከትምህርት ቤቱ ያቅርቡ፣ ሠላሳ ቀን ተሰጥቶዎታል። ለቢሮው ስልክ ደወለ፤ ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ አምስትን ተጫነ፣ ሙዚቃ ተለቀቀበት፣ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ሙዚቃ ሰማ፣ ከዚያ ደግሞ አንድን ይጫኑ። የተመደበችለትን ጠበቃ ያገኛት በመከራ ነው፣ የምትናገረውም በደቂቃ ተለክቶ ነው። «ሰነድ ከሌለ የለም ብለን እንጽፋለን፤ ካለ ግን ማቅረብ ግዴታ ነው፣ ከተናገሩት ጋር ካልተስማማም ሁሉም ነገር እንደገና ይታያል» አለችው። «ይስማማል አይደል?» ይስማማል አላት።

ሥራው የልብስ ማጠቢያ ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ እርጥቡ ይደርቃል፣ የደረቀው ይታጠፋል። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንደኛው ጫፍ እሱ ጋ፣ ሌላኛው ጫፍ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጋ፣ ቋንቋ አይግባቡም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው አጥፈዋል። ይዘረጋሉ፣ ያራግፋሉ፣ ወደ መሐል ይመጣሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ ጣቶቿ ጣቶቹን ይነካሉ፣ ይመለሳሉ። በቀን ውስጥ የሚነካው ሰው እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ለት ነገራት። በአማርኛ። ሆዱ ሞልቶ ሊፈነዳ ስለደረሰ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ «እኔ እኮ እማማ፣ እሷን አሳልፌ ሰጠኋት» አላት አንሶላውን እያራገፈ። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች። «ይሄው እዚህ ደግሞ ጀግና ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ» አላት። ነቀነቀች። በሚቀጥለው አንሶላ ላይ እሷም በራሷ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፣ እሱም ነቀነቀ። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አያውቅም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሳይቸኩሉ አጥፈው አያውቁም።

ያንኑ ሰኞ ነው መምህርቷ የደወለችው፣ በዕረፍት ሰዓቱ፣ የጋሪዎቹ ማቆሚያ ጋ ቆሞ ሳለ። «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?» አለች፣ ልክ ትናንት እንደተለያዩ። «አለሁ» አለ፣ «አንቺስ?» «ይመስገን። ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ነው። የትምህርት ቤቱን ፈተና እኮ የማባዛው እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ ጨርሶ አልወጣሁም» አለችና ሳቀች፣ እሱ ግን መሳቅ አቃተው። ከዚያ ነገረችው። ባለፈው ክረምት ከተማው ተረብሾ ነበር፣ ሱቅ ተቃጥሏል፣ ሰው ሞቷል። ያን ቀን የአናጢው ልጅ፣ ያቺ እልኸኛ፣ አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የዳቦ ጋጋሪው በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ተነሺ ቢሏት አልነሳ አለች፣ ሰድበዋት ሄዱ፣ ዳቦ ቤቱ ተረፈ። «ሁሉም እንደ እሷ ነበሩ ማለቴ አይደለም ጋሼ» አለች ቶሎ ብላ። «ከጎበዞቼ አንዱ ድንጋይ ከሚወረውሩት ጋር ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።» እንዲህ ናት፤ የራሷን ጉድለት ሳትናገር የራሷን ምስጋና አትናገርም። አሁን ወላጆቹ ራሳቸው ረቡዕ ይመለስልን ብለዋል፣ አናጢው ነው ፊርማ ያሰባሰበው። ጽሕፈት ቤቱ ግን ፋይሉን አውጥቶ፣ መምህርቷ ያለ ፈቃድ ያስተማረች ናት ይላል፣ ፊርማውን ያኖረው ሰው ራሱ ካላነሳው እኛ አንነካውም አለ። በስልክም ይሁን፣ በስብሰባ ፊት ይናገር፣ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፣ ማኅተም ይመታበታል። «ኮፒውን ለእርስዎም ልልክልዎ እችላለሁ» አለች። «ለወረቀትዎ ይጠቅምዎታል ብላኛለች እትዬ።» ይጠቅምዎታል! እሷን የሚያድነው ያው ወረቀት እሱን የሚያሰጥመው መሆኑን ከየት ታውቃለች? እሱም አልነገራት። «የማይመችዎ ከሆነ ግን እንተወዋለን ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ፎቶ ኮፒውን ለምጄዋለሁ።»

ይሄን ባትል ኖሮ! ብትቆጣ፣ ብትሰድበው፣ ምን ያህል በቀለለው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ተረከዝ ወጥቷል መሰለኝ፣ ጣሪያው ጸጥ ብሏል፣ ጸጥታው ደግሞ ባሰበት። አንድ መውጫ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሸው ያደረ ዓረፍተ ነገር አለው፤ «በወቅቱ በነበረው የመረጃ ክፍተት ምክንያት የትምህርቱ አሰጣጥ ከትምህርት ቤቱ ዕውቅና ውጭ ተደርጎ ተወስዶ የነበረ ቢሆንም፣ በዕውቅና የተሰጠ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ውሸት የለውም። እውነትም የለውም። እሷ ትመለሳለች፣ እሱም እዚህ ይኖራል፣ የመረጃ ክፍተት ደግሞ ማንንም አይከስም፣ የመረጃ ክፍተት እናት አባት የለው። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ አለው። እንደገና አለው። ልብሱን ለበሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ለስልክ ጥሪ ፀጉሩን አበጠረ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው ሰው ርዕሰ መምህር ይመስል እንደሆነ ለማየት አንገቱን ቀና አደረገ።

ስልኩ ጠራ። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ በሦስተኛው አነሳው። «ሃሎ? ይሰማዎታል?» አንድ የማያውቀው ወጣት ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ አለ። «ስልኩን ማይክሮፎኑ ጋ አስጠግቼዋለሁ፣ ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።» ከኋላው ያ አዳራሽ አለ። አወቀው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፅ ሲመልስ ይታወቃል። ሰላምታ ሰጠ፣ ሰላምታው በራሱ ጆሮ ተመልሶ መጣለት። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ተናገረ፣ ሳይደነቃቀፍ፣ ከመረጃ ክፍተቱ እስከ አረጋግጣለሁ ድረስ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አናጢው ነው፣ አርጅቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ይቅርታ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም» አለ አናጢው። ቁጣ የለበትም። «የመረጃ ክፍተት ማለት ምን ማለት ነው?»

እሱ ክፍሉ መሐል ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የዚያ ቢሮ ደብዳቤ ተዘርግቶ ይታየዋል፣ ሠላሳ ቀን ይላል፣ አሥራ አንዱ ቀርቷል። እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትሆናለች፣ ምናልባት መዝገብ የላትም አሁን፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሆናለች፣ ቀና ብላ ስልኩን ታያለች። አይቆጣውም ማንም። በበሩ በኩል ጎረምሳ የለም። ተዘግቶበት ብቻውን ነው፣ ማንም አያስፈራራውም፣ አሁንም ግን ፈራ፣ እንደዚያን ቀን አድርጎ ፈራ።

«ፈራሁ ማለት ነው» አለ።

«እ?»

«ፈራሁ ማለት ነው። ያዘዝኳት እኔ ነበርኩ። በጽሑፍ ይስጡኝ ብላኝ የኔ ቃል አይበቃሽም ወይ አልኳት። ከዚያ እናንተ ፊት ስትጠይቁኝ ዋሸሁ፣ ደብዳቤውንም የፈረምኩት ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

አንዲት ሴት «ውይ!» ስትል ተሰማው። ጸሐፊው ወደ ስልኩ ተጠጋ፣ የእስክሪብቶው ድምፅ እንኳ ይሰማል። «ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ ያፈረ ይመስላል፣ «‹ዋሸሁ› ብዬ ልጻፈው? ወይስ ሌላ ቃል...»

«እንዳለ ጻፈው» አለ።

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። ይቅር ብለንሃል ይሉኛል ብሎም ጠበቀ፣ ሰው አይደል። አልሰደቡትም፣ አላመሰገኑትም። አናጢው «እሺ» አለ፣ «ይሄው ተባለ እንግዲህ፣ ወደ ጉዳያችን እንግባ» አለ፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ማንም ደህና ሁን አላለውም፣ ማንም አልዘጋውም። የወንበር ድምፅ መጣ። ረቡዕ ይመለስ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ፣ ጸሐፊው መቁጠር ጀመረ፣ ሰባ ላይ ሲደርስ «ኧረ ተወው፣ ሁሉም አውጥቷል» አለው አንዱ፣ ሳቁ። የድሮ ክፍሏ ዕቃ ሞልቶበታል አለ አንዱ። እናወጣዋለን አለ ሌላው። የሼሁ ድምፅ ነው መሰለኝ «አሁንም ልጆቹ ናቸው የሚያራርሙት?» አለ፣ ከዚያ የእሷ ድምፅ መጣ፣ ሩቅ ነው፣ ቃሉ አይለይም፣ ብቻ ፈጣን ነው፣ ሥራ የያዘ ሰው ድምፅ ነው፣ መሐል ላይ ሰው ሲያቋርጣት «ቆይ ልጨርስ» ስትል ሰማት። ቆይ ልጨርስ! ከእሱ ጋር ስትነጋገር እንዲህ ብላ አታውቅም። ዕንባው መጣ፣ ከልብ ደስ አለው፣ ደስታውን የሚያካፍለው አንድ ሰው እንኳ ክፍሉ ውስጥ የለም።

ሰባት ሰዓት ተኩል። ጃኬቱን ለበሰ፣ ስልኩን ሳይዘጋ ጆሮው ላይ እንዳደረገ በሩን ቆለፈ፣ ደረጃውን ወረደ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመ። መኪና ያልፋል፣ ሰዎች ያልፋሉ፣ ማንም አያየውም፣ እሱ ደግሞ ሌላ አገር ስብሰባ ላይ ነው። ጨረሱ። በወንበር መሐል ሲወጡ፣ ሲጠራሩ፣ አንዲት እናት ልጇን ስትቆጣ ይሰማዋል፣ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ብቻ ቀረ። ከዚያ ስልኩ ተነሳ፣ ተንኳኳ፣ አንዲት የማያውቃት ልጅ ድምፅ መጣ።

«ውይ፣ ይሄ ስልክ አልተዘጋም እንዴ? ማን ነው ያለው?»

«ርዕሰ መምህሩ ነበሩ» አለ ጸሐፊው ከሩቅ።

«የቱ?»

«የድሮው። ሄደዋል፣ ዝጊው፣ ባትሪው እንዳያልቅ።»

«አለሁ» አለ። አለሁ፣ ገና አልሄድኩም፣ ሊል ነበር። ስልኩ ተዘግቷል። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ስልኩ ገና ጆሮው ላይ ነበር።